የልሳነወርቅ ክረምት

በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሃያ አምስት ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በደብረ ብርሃን ከተማ ባሉ ቤቶች ሁሉ አንድ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ።

«ክረምት ቀርቧል። ቤትዎን ያዘጋጁ።»

ከተማው ወገቡን ታጥቆ ተነሣ። ጎረቤት ከጎረቤት መሰላል ተበዳደረ። የውሃ ቧንቧ በጭድና በጆንያ ተጠቀለለ፣ የበር ጎማ ተቀየረ፣ ፕላስተር ከየሱቁ አለቀ። ሰዎች ሻማ እያበሩ በመስኮቶቻቸው ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው አዞሩ፤ ነበልባሉ ወደ ጎን ባለበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ኅዳር አሥራ ሁለት እስኪደርስ አሥራ ሰባት ቀን ነበራቸው።

ኅዳር አሥራ ሁለት ድሮ ሰው የግቢውን ቆሻሻ አውጥቶ የሚያቃጥልበት ቀን ነበር፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባል ነበር። የፀሐይን ግለት ለመቀነስ ሰማዩ ላይ ጥላው ከተዘረጋ ወዲህ ማቃጠል ክልክል ነው። ቀኑ ግን ሥራ አልፈታም፤ አሁን «ኅዳር ሲታሸግ» ይሉታል። በዚያ ቀን የከተማው አየር ለኪዎች በየቤቱ እየዞሩ በሩ ላይ ቁጥር ይለጥፋሉ። ቁጥሩ ቤቱ በየስንጥቁ ምን ያህል አየር እንደሚተነፍስ የሚናገር ነው። ከአራት በላይ የሚተነፍስ ቤት ሙቀት አይከፈትለትም። የታሸገ መስኮት እስከ የካቲት አጋማሽ አይነካም። በእነዚያ ወራት ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከራሱ የሙቀት ድርሻ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀንሶ ለሐዘንተኛው ቤት ያስተላልፋል፤ ንፍሮ የቀረው በዚህ ተተክቶ ነው። ሰው ለምዶታል። የማይለመድ ነገር የለም።

ልሳነወርቅ ድምፁን ሲሰማ እንደ ሌላው ሰው አልተነሣም፤ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱን ከቀበረ ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ብቻውን ይኖራል፣ ቀድሞ ተርጓሚ ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በጨዋነቱና አንዲት ምስማር ቀጥ አድርጎ መምታት ባለመቻሉ። ሌላው ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው፤ እሱ የሚፈራው ያንን ድምፅ ነው። ድምፁ የሚናገረው ቃል የእሱ ነውና። ይህን ደግሞ ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ለሚስቱም ጭምር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አርባ ስድስት ዓመት፣ ገና የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ድርጅት ቀጠረው። ሥራው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚናገር አንድ ዕቃ አማርኛ እንዲችል ማድረግ ነበር። ዕቃው የተሠራው ብርድ ለጠናባቸው የሩቅ አገር ቤቶች ነው፤ በአማርኛ «ቤተኛ» ብሎ ስም ያወጣለት ልሳነወርቅ ነው። የሚተረጎመው አራት ሺህ ዓረፍተ ነገር ነበር። «እርስዎ» እንዲል አደረገው፣ ይቅርታ መጠየቅ አስተማረው፣ ሲሰናበት ምርቃት ቢጤ ጨመረለት። በዝርዝሩ መሐል የዓመቱ ብርዳማ ወቅት ስም መጣ። ልሳነወርቅ ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛውን ቃል ትርጉም በቃሉ እንዳጠናው «ክረምት» ብሎ ጻፈ። ለሞቃቱም ወቅት «በጋ» አለ፣ አለፈ።

ባያውቅ ኖሮ ባልከፋ። ያውቅ ነበር። እናቱ የመንዝ ሴት ነበሩ፤ በእናቱ አፍ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፣ ሰኔ የሚገባ፣ መስከረም የሚወጣ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ። ውርጩ የሚወርደው፣ ጆሮ የሚቆርጠው ብርድ የሚመጣው በበጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ እህሉ አውድማ ላይ ተከምሮ ሳለ። አራሚ ሆነው የተቀጠሩ አቶ ገብረኪዳን የሚባሉ ሽማግሌም ወረቀቱ ላይ በቀይ ቀለም ጻፉለት፤ «ልጄ፣ ክረምት እኮ ዝናብ ነው። ይኼ የሚለው ውርጩን አይደለም ወይ?» ልሳነወርቅ ከሥሩ «ዘመናዊ አጠቃቀም ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሽማግሌው ሁለተኛ አልጻፉም።

ያን ቀን ኮርቶ ነበር። አሁን እነዚያን ሦስት ቃላት ባሰበ ቁጥር ጆሮው ሥር እሳት ይነድበታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሱ ደግሞ የጻፈው ነው።

ጥላው ተዘርግቶ ደጋው በረዶ ማየት ሲጀምር ቤተኛ ወደ አገሩ ገባ፤ አማርኛ የሚችል ሌላ ዕቃ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሰው ሳቀ። «ኅዳር ላይ ክረምት ገባ አለኝ፤ ሐምሌ ላይ ዶፉ እየወረደ በጋ ነው ይለኛል» እየተባለ በየግብዣው ተቀለደ። የእግዜር ክረምትና የዕቃው ክረምት ብለው ይለዩ ነበር። ልሳነወርቅም ከሰው እኩል ስቋል፤ እንዲያውም አንድ ሁለት ቀልድ ጨምሯል። ቀስ በቀስ ሳቁ ቀረ። በቤተኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች አደጉ፣ አገቡ፣ ሹመት ያዙ። አሁን ዕድሜው ከአርባ በታች ለሆነ ሰው ክረምት ማለት ብርድ ነው፣ በጋ ማለት ዝናብ ነው፤ ድሮ የተገላቢጦሽ ነበር ብትለው ተረት የምታወራ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ የቋንቋ ነገር ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። አላበቃም። አእምሮው የዞረበት አዛውንት በታሸገ ቤት ብቻውን እንዳይቀር ተብሎ ደንብ ወጣ። ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖ ብቻውን የሚኖር ሰው ሙቀት ከመከፈቱ በፊት ቤተኛ ሦስት ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ስሙን፣ አብሮት የሚኖረውን ሰው፣ ያለንበትን ወቅት። የሳተ ሰው ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል፣ ከዚያም ወደ ጋራ ሙቀት ቤት ይወሰዳል። የጋራ ሙቀት ቤት የቀድሞ ፋብሪካ ነው፤ አልጋ በተርታ፣ አንድ ሙቀት ለሁሉ። ክፉ ቦታ አይደለም ይላሉ። ብቻ ሰው የወጣበት ቤት ሙቀት አይከፈትለትም፣ ግድግዳው በውርጭ ይሰነጠቃል፣ የካቲት ሲደርስ ቤቱ ቤት አይሆንም። ሄዶ የተመለሰ ሰው አልታየም።

አምና ከልሳነወርቅ ሰፈር ሰባት ሰዎች በዚሁ በሦስተኛው ጥያቄ ሄደዋል። ሰባቱም «በጋ» ነው ያሉት። እሱ በር ላይ ቆሞ ሸኛቸው፤ የአንዷን ሻንጣ እስከ መኪናው ተሸከመላት፤ «አይዞሽ» አላት። የራሱ ጥያቄ ሲደርስ ደግሞ ሳይንተባተብ «ክረምት ነው» ብሎ አለፈ።

ኅዳር ሁለት ቀን እትዬ የሻሽወርቅ ጆንያ ሙሉ የበግ ጸጉር በትከሻቸው አንጠልጥለው መጡ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ የበግ ጸጉር ሲፈትሉ የኖሩ የመንዝ ሴት ናቸው። የእሳቸውና የልሳነወርቅ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ግድግዳውንም ከባላቸው ጋር ሆነው በእጃቸው ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ምስማር መምታት ለማይችል ጎረቤታቸው በየዓመቱ መስኮቱን የሚያሽጉለትም እሳቸው ናቸው። ለኪዎቹ የሚያመጡትን ጎማ አይወዱትም። ጸጉሩን በለብታ ውሃ ያርሱታል፣ በመዳፋቸው ያሹታል፣ እንደ ገመድ ያከሩትና በማንኪያ ጀርባ እየገፉ በስንጥቁ ውስጥ ይደፍኑታል። እሳቸው የደፈኑት መስኮት ላይ የሻማ ነበልባል ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ልሳነወርቅ መሰላሉን እንዲይዝ ታዘዘ፣ ያዘ። እሳቸው ከላይ ሆነው እንደ ወትሮው ነካኩት። በጥቅምት አንድ አጥንት ሲባል አንተ አጥንቱ ብቻ ሆነህ ቀረህ፣ ሥጋው የት ሄደ አሉት። ሚስትህ ብትኖር ታፍርብህ ነበር አሉት። ከዚያ ሁለተኛውን መስኮት እየደፈኑ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ «ዘንድሮ አልልም» አሉ።

«ምኑን እትዬ?»

«ክረምት ነው አልልም።»

ልሳነወርቅ መሰላሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሰባ ሰባት ዓመት ከሞላቸው ጀምሮ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ፣ በየዓመቱ ጥያቄው ሲቃረብ እየሄደ ይለምናቸው ነበር፤ አንድ ቃል ናት፣ ይበሏትና ይለፉ ይላቸዋል። እያጉረመረሙ ይሉለት ነበር።

«ስድስት ዓመት ለአንተ ስል አልኩ» አሉ። «ትናንት የእህቴ የልጅ ልጅ ደወለችልኝ። እማማ፣ በጋ ዝናብ የሚዘንብበት ነው አይደል አለችኝ። ለትምህርት ቤት ነው። አዎ ልበላት? እኔ በበጋ ያገባሁ፣ በበጋ የወለድኩ፣ ባሌን በበጋ የቀበርኩ ሴት፣ ኅዳርን ክረምት ነው ብዬ በገዛ ቤቴ እስከ መቼ ልዋሽ?»

ልሳነወርቅ ሊያሳምናቸው ሞከረ። ቤታቸው እንደሚፈርስ ነገራቸው፤ የጋራ ሙቀት ቤት የበግ ጸጉር ይበናል ተብሎ እንደማይገባ፣ እንዝርታቸውን እንደሚቀሟቸው ነገራቸው። እሳቸው ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ከመሰላሉ ላይ ቁልቁል አዩት።

«ይልቅ አንተ የተማርህ ሰው ነህ። ይህን ቃል እዚያ ዕቃ ውስጥ የከተተው ማን ነው?»

መናገር የነበረበት ያኔ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም፤ የሚያፍርባቸውም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ልሳነወርቅ ዓይኑን ከእሳቸው ወደ መሰላሉ እግር መለሰ።

«ፈረንጆቹ ይሆናሉ» አለ።

«ፈረንጅ ምን ያድርግ፣ አማርኛ አያውቅ። የእኛው ሰው ነው። እናት ያላሳደገችው የእኛው ሰው።» ጸጉሩን በማንኪያው ገፉት። «ስንጥቁን ሳይሆን ጆሯችንን ነው የደፈነው።»

ልሳነወርቅ መሰላሉን ይዞ ቆመ። እናቱ በበጋ ማለዳ ውርጭ የመታውን የባቄላ ቅጠል በጣታቸው ይዘው ሲያሳዩት ትዝ አለው፤ ማፈር ይህን ያህል የሰውነት ሕመም መሆኑን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። እትዬ የሻሽወርቅ ከመሰላሉ ወርደው እጃቸውን ታጠቡ፣ የበሩን ሥር ሌላ ቀን እመለስበታለሁ ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ግድግዳው ሁሉን አሰማው። የጋራ ግድግዳ መቼም ምሥጢር አይጠብቅም። ቤተኛ ስማቸውን ጠየቃቸው፣ ተናገሩ። ማን አብሯቸው እንደሚኖር ጠየቃቸው፤ እግዚአብሔር አሉ፤ ይህንንም ተቀበላቸው። ከዚያ ልሳነወርቅ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«አሁን ያለንበት ወቅት ምንድን ነው?»

«በጋ ነው።»

«ይቅርታ፣ አልተረዳሁዎትም። እባክዎ ይድገሙት።»

«በጋ።»

«ይቅርታ፣ አልተረዳሁዎትም። እባክዎ ይድገሙት።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! በጋ ነው አልኩህ፣ በጋ!»

«አመሰግናለሁ። መልስዎን ለሚመለከተው አስተላልፋለሁ።»

ልሳነወርቅ ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያስታውሳታል። «ለሚመለከተው» ወይስ «ለሚመለከታቸው» በሚለው ግማሽ ቀን አስቦባታል። የሚመለከተው ማን እንደሆነ ግን ያኔ አልጠየቀም።

ኮሚቴው ኅዳር ዘጠኝ ቀን ጠዋት በዕድሩ አዳራሽ ተቀመጠ። ልሳነወርቅ የግድግዳ ተጋሪ በመሆኑ ለምስክርነት ተጠራ። አምስት ቀን ሙሉ የሚለውን ነገር በልቡ ሲያጠና ከርሞ ነበር፤ ሸሚዝ ተኮሰ፣ ጺሙን ተላጨ፣ ሲወጣም ቤተኛ «መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለው።

ሰብሳቢዋ ኖላዊት ትባላለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ትሑት ልጅ ናት። አዛውንቶቹ ሲገቡ ከወንበሯ ተነሣች፣ እትዬ የሻሽወርቅን ደግፋ አስቀመጠች፣ የአዳራሹ ሙቀት ከፍ እንዲል አዘዘች። ከኮሚቴው አባላት አንዱ የዕድሩ ዳኛ አቶ ደጀኔ ናቸው፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሚስታቸው አምና ሞታለች። የቀሩት ሁለቱ የኖላዊት እኩያዎች ናቸው።

ኖላዊት ጥያቄውን በራሷ አፍ ደገመችው። እትዬ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉና በጋ ነው አሉ፤ ካላመንሽ ወጣ ብለሽ ሰማዩን እዪው አሉ። ወጣቶቹ በደግነት ፈገግ አሉ። አቶ ደጀኔ ጫማቸውን አዩ። ከዚያ ኖላዊት ወደ ልሳነወርቅ ዞረች። እማማ የሻሽወርቅ በሌላ ጊዜስ ወቅት ሲያምታቱ አይተው ያውቃሉ ወይ ስትል ጠየቀችው።

ልሳነወርቅ ተነሣ። ያጠናው ንግግር በሙሉ ጠፋበት።

«እሳቸው አላምታቱም» አለ። «ያምታታሁት እኔ ነኝ። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ድርጅቱን፣ አራቱን ሺህ ዓረፍተ ነገር፣ የአቶ ገብረኪዳንን ቀይ ቀለም፣ የራሱን ሦስት ቃላት። ቀድሞ ክረምት ዝናቡ፣ በጋ ብርዱ እንደነበረ ተናገረ። አምና የሄዱትን ሰባቱን በስማቸው ጠራቸው። ሲጨርስ ቁጣ ጠበቀ። እንዲያውም ተመኘው፤ አንድ ሰው ተነሥቶ ቢሰድበው ግማሹ ሸክም የሚወርድለት መሰለው።

ማንም አልተቆጣም። አንደኛው ወጣት ውሃ ቀዳለት። ኖላዊት አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ለልጅ በሚናገሩበት ለስላሳ ድምፅ፣ «አባባ፣ በጋማ ዝናብ የሚዘንብበት ነው እኮ» አለችው። ከዚያ የፊት ለፊቷን ሰሌዳ ነካ ነካ አደረገች። «የእርስዎ ጥያቄ ዘንድሮ መቼ ነው?»

ልሳነወርቅ መናዘዙን እንደ መርሳት፣ እውነቱን እንደ በሽታ እየመዘገበችለት መሆኑን ተረዳ። ወደ አቶ ደጀኔ ዞረ። «አቶ ደጀኔ፣ እርስዎ ያውቃሉ። አብረን ነው የሳቅነው።»

አቶ ደጀኔ አንገታቸውን አላቀኑም። ከሁለት ዓመት በኋላ እሳቸውም ሰባ ይሞላቸዋል፣ እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው። እዚያው ጫማቸውን እያዩ፣ ደንቡ ላይ አንድ ነገር አለ አሉ። ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ዋስ ከሆነ ሁለቱ ቤቶች እንደ አንድ ቤት ይቆጠራሉ፤ ለዋሱ የተከፈተ ሙቀት ለሁለቱም ይከፈታል። ይህን ሲሉ የተጣደፉ ይመስሉ ነበር። ለልሳነወርቅ ጥያቄ ግን መልስ አልሰጡም፤ እሱም አልፈረደባቸውም፣ በምን አፉ። ዋስ እሆናለሁ አለ።

ኖላዊት አነበበች፣ እውነት ነው አለች፣ ፊቷም በራ። አዛውንቶችን ከቤታቸው ማስወጣት የምትወድ ልጅ አይደለችም። ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቀቀች። ዋሱ የራሱን ሦስት ጥያቄዎች ሳይሳሳት ማለፍ አለበት፣ ዋስ የተጠራላቸው ሰውም በዚያ ሰዓት አጠገቡ መገኘት አለባቸው። ቤተኛ ማረጋገጫውን ጨርሶ እስኪሰናበት ድረስ ከመልሱ ፈቀቅ ያለ እንደሆነ ሁለቱም ቤቶች ይዘጋሉ። «እና እባክዎ አባባ» አለች፣ እጁን ይዛ፣ «በዚያን ቀን ልብዎን ሰብሰብ ያድርጉ።»

 ከእትዬ የሻሽወርቅ ጋር ወደ ቤት ሲሄዱ ልሳነወርቅ ሦስት ጊዜ «እትዬ» አለ። ሦስቱንም ጊዜ ቀድመውት ተራመዱ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለኪዎቹ መጡ። የልሳነወርቅን ቤት ነፉት፣ አዳመጡት፣ ሦስት ነጥብ ስድስት ብለው በሩ ላይ ለጠፉ። በጥሩ ሁኔታ የተደፈነ መስኮት ነው፣ ማን ሠራው ብለው ጠየቁ፤ ጎረቤቴ ናቸው አለ። ደጁ ነጭ ሆኖ ነበር። ጥላው ያገረጣውን ፀሐይ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። በየቤቱ የመጨረሻው ፕላስተር ሲቀደድ ይሰማል፣ በየቤቱም ያው አንድ ድምፅ ሽማግሌውንና አሮጊቷን ስማቸውን ይጠይቃል።

እትዬ የሻሽወርቅ ከበግ ጸጉር የተሠራ ባናቸውን ተከናንበው፣ የተረፈውን የበግ ጸጉርና ማንኪያቸውን ይዘው ገቡ። ከኮሚቴው ቀን ጀምሮ አላናገሩትም ነበር። አሁንም ሰላምታውን በራስ ንቅናቄ ብቻ ተቀበሉና በሩ ሥር ተንበርክከው፣ እመለስበታለሁ ያሉትን ስንጥቅ መድፈን ጀመሩ። ልሳነወርቅ ክፍሉ መሐል ቆመ። ካፖርቱን ለብሶ ነበር፤ ቤቱ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ እስትንፋሳቸው ይታያል። ይቅርታ ሊላቸው ፈለገ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ግን ያ ዕቃ በቀን መቶ ጊዜ ይላታል፤ እሱ ነው ያስተማረው።

«ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ልሳነወርቅ አጥናፌ።»

«ከእርስዎ ጋር ማን ይኖራል?»

«ማንም።»

«አሁን ያለንበት ወቅት ምንድን ነው?»

የማንኪያው ድምፅ ቆመ። እትዬ የሻሽወርቅ አልዞሩም፤ ከባናው ሥር ጀርባቸው ብቻ ይታየዋል። ልሳነወርቅ ላለፉት ሦስት ቀናት ይህችን ደቂቃ ሲያስባት ነበር። እንደ ሰው ቆሞ አንድ ጊዜ እውነቱን ለመናገር የቆረጠበት ሰዓት ነበር፤ ያ ቁርጥ ሐሳብ ታዲያ የሌላ ሰው ቤት የሚያፈርስ ሆኖ መጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእሱ እውነት አርባ ስድስት ዓመት አድራ የደረሰችው እንዲህ ሆና ነው።

«ክረምት ነው» አለ።

«ትክክል ነዎት።»

ቧንቧው ውስጥ ውሃ ተንቀሳቀሰ። ሙቀቱ ከወለሉ ሥር ተነሥቶ በጋራው ግድግዳ በኩል ወደ ማዶ ሲያልፍ ተሰማ። የእትዬ የሻሽወርቅ ቤትም እየሞቀ ነው፤ እንዝርታቸው፣ አልጋቸው፣ ከባላቸው ጋር ያቆሙት ግድግዳ፣ ሁሉም እስከ የካቲት ተርፏል። ልሳነወርቅ ደስ ሊለው ሞከረ።

እትዬ የሻሽወርቅ መሬቱን ተደግፈው ተነሡ። እጃቸው ላይ የቀረውን ጸጉር አራገፉ። ከዚያ ከኮሚቴው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩት። ዓይናቸው ውስጥ ንዴት የለም፤ ማወቅ የፈለጉ ሰው ዓይን ነው።

«ልሳኑ» አሉ። «እናትህ ይህን ብርድ ምን ይሉት ነበር?»

ዕቃው ገና አልተሰናበተም። ልሳነወርቅ በጣቱ ወደ ጣራው ሊያመለክታቸው፣ ዝም ይበሉ ሊላቸው ይችል ነበር። እጁ አልነሣ አለው። እኒህን ሴት ስድስት ዓመት ውሸት ለምኗቸዋል፤ አሁን የጠየቁት አንድ ቃል ነው።

«በጋ» አለ፣ ከትንፋሹ በማይበልጥ ድምፅ።

ቧንቧው ዝም አለ። ከወለሉ ሥር የጀመረው ሙቀት ባለበት ቆመ።

«መልስዎን ይቀይራሉ?» አለ ቤተኛ።

ይህችም የእሱ ናት። ሰውን ስህተቱን ሳይነግሩ ወደ ልቡ የምትመልስ ጨዋ ጥያቄ ናት ብሎ፣ ያኔ በጣም ነበር የወደዳት። እትዬ የሻሽወርቅ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ማንኪያው እጃቸው ላይ ነው። ከግድግዳው ማዶ ቤታቸው ይጠብቃል።

«አልቀይርም» አለ ልሳነወርቅ።